በፈረንጅ አድርጊልኝ

ለሃያ ስድስት ዓመት ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከቅመም ቤቱ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የሰው ወረቀት ስተረጉም ኖሬአለሁ። የክርስትና ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የሞት ማስረጃ። በሬ ላይ «ትርጉም፣ ኖተሪ፣ ፎርም መሙላት» ይላል። ከአገር የሚመጣ ሰው ሁሉ ወረቀቱ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጎድለዋል፤ እኔ እጨምርለታለሁ። ከመስከረም አንድ እስከ ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት። እኔ ሌላ ነገር እያሰብኩ እጄ ብቻውን ይሠራዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ተሳስቶ ከኢሚግሬሽን ተመልሶብኝ አያውቅም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነበር።

አሁን የምነግራችሁ ግን የጋሼ ሸዋንግዛውን መጽሐፍ በዚሁ እጄ እንዴት እንደገደልኩት ነው።

ጋሼ ሸዋንግዛው ባልድዊን ሂልስ ኮረብታው ላይ የሚኖሩ፣ ሰባ ስድስት ዓመት የሞላቸው፣ ስኳር ዓይናቸውን የወሰደባቸው ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ታሪክ ሲያጠኑ ቆይተው በእኛ በ1965 ለትምህርት ወደ አየርላንድ፣ ደብሊን ተላኩ። ዓመት ሳይሞላቸው አገር ቤት አብዮት ፈነዳ። ታናሽ ወንድማቸው ጳውሎስ በየሳምንቱ ይጽፍላቸዋል፤ ባለታክሲው አደመ፣ መምህሩ አደመ፣ ወታደሩ አጉረመረመ እያለ። እሳቸውም ከደብሊን ሆነው «ደስ ይላል፣ በርቱ» ብለው ይመልሳሉ። ከአራት ዓመት በኋላ ጳውሎስን ገድለው መንገድ ላይ ጣሉት። ጋሼ ሸዋንግዛው ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው አይለወጥም፤ «ደብዳቤው እጄ ላይ ነበር ወይንሸት፣ አንብቤዋለሁ፣ ግን አላነበብኩትም» ይላሉ።

ያን ጊዜ ነው ደብሊን ቤተ መጻሕፍት ገብተው የድሮ ጋዜጣ ማገላበጥ የጀመሩት። ሐዘንተኛ ምን ያደርጋል፣ የሰው ሐዘን ያነባል። እዚያ ውስጥ አንድ ዓመት አገኙ፤ በፈረንጅ 1913። አየርላንድ ገና በእንግሊዝ እጅ ነበረች፣ ነፃ ልትወጣ ዘጠኝ ዓመት ይቀራታል። በዚያ ዓመት ገና ጥይት አልተተኮሰም። ሰው ሥራ ይሄዳል፣ ያገባል፣ ኳስ ያያል። ግን በጥር ከእንግሊዝ አልለይም ያለው ሰሜኑ የራሱን ጦር መዘገበ፣ በኅዳር ራሴን ላስተዳድር ያለችው ደብሊን የራሷን መዘገበች፣ በዚያው ወር ሠራተኛው ደግሞ የራሱን። በአንድ ዓመት ሦስት ጦር፣ ሁሉም በሰንበት ልብሱ፣ ብዙው በእንጨት ጠመንጃ፣ ሁሉም እየሳቀ። ጋሼ ሸዋንግዛው ሌላውን ታሪክ ትተው በዚህ በአንድ ዓመት ላይ አርባ ዓመት ጻፉ። ቀን ፓርኪንግ እየሠሩ፣ በኋላም ጡረታ ወጥተው፣ ዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ በእጃቸው፣ በአማርኛ፣ አሥራ አራት ደብተር።

ለምን በአማርኛ ብትሉ፣ የሚያነበው የእኛ ሰው እንዲሆን ነዋ። በተለይ ሁለት ሰዎች።

ዳጊና ሄራን ልጆቻቸው ናቸው። እዚሁ ሎስ አንጀለስ ተወለዱ፤ እናታቸው እትዬ ሰገነት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል አስቆጥረው አሳድገዋቸዋል። እትዬ ሰገነት የሌላ ክፍል ሰው ነበሩ። የየት ክፍል እንደሆኑ አልናገርም፤ ከተናገርኩ እናንተም ወገን ትይዛላችሁ፣ ወሬዬም እዚህ ላይ ያልቃል። አገር ቤት ጦርነቱ ሲጀመር ዳጊ የአባቱን ወገን ያዘ፣ ሄራን የእናቷን። አንድ ቅዳሜ ዊልሸር ላይ በፌዴራሉ ሕንፃ ፊት ሁለቱም ወገን ሰልፍ ወጣ፤ ፖሊስ በመሀል ገመድ ዘረጋ። ሄራን ከገመዱ ማዶ ወንድሟን አይታ በድምፅ ማጉያ «ገዳይ» አለችው። እሱም መለሰላት፤ የመለሰላት የገዛ እናቱን አጥንት የሚሰድብ ስለሆነ አልጽፈውም። በማግስቱ በየሰው ስልክ ላይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ዓመት አንድ ቃል አልተነጋገሩም። አባታቸውን የሚጠይቁት ቀን ተከፋፍለው ነው፤ እሱ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ እሷ በቀሩት። የእህቱ መኪና በር ላይ ከቆመ ዳጊ እስክትወጣ ድረስ ኮረብታውን ይዞራል።

ባለፈው ክረምት ዶክተሩ ለጋሼ ሸዋንግዛው የቀራቸው ሳምንታት ነው አላቸው። ልባቸውም ኩላሊታቸውም ደክሟል። በማግስቱ አስጠርተውኝ ደብተሮቹን በካርቶን አስረከቡኝ። ፈጥኜ እንድተይብ፣ እንዳሳትም፣ አዳራሽ እንድይዝ ጠየቁኝ። ለምን እንደቸኮሉ ነገሩኝ። «ከመሞቴ በፊት እነዚህ ሁለቱ አንድ ቃል ሲነጋገሩ መስማት እፈልጋለሁ» አሉ። «ስለ አገር ካወራን ይጣላሉ፤ ስለ እናታቸው ካወራን ይጣላሉ። ስለ አየርላንድ ግን ማን ይጣላል? ቁጭ ብለው ይስሙት። ሲሰሙት ራሳቸውን ያዩታል።»

ልወጣ ስነሳ አንድ ነገር ጨመሩ። ልጆቻቸው ነሐሴ ማለት ምን እንደሆነ፣ ኅዳር የት እንደሚውል አያውቁም።

«ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አድርጊልኝ» አሉኝ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ሥራዬ እኮ ነው።

በአምስት ሳምንት ጨረስኩት። እንዴት እንደሠራሁት አልዋሻችሁም፤ እኔ ስተይብ አላነብም። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ሞት ስተይብ አንብቤ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሕይወት አልገኝም ነበር። ዓይኔ ፊደሉን ያያል፣ እጄ ይመታል። ቀን ሲመጣ እጄ ቆም ይልና ይጨምራል። ደብተሩ ላይ «ነሐሴ 26 ቀን 1913 ዓ.ም.» ይላል፤ እኔ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1921 ብዬ እጽፋለሁ። «ኅዳር 25 ቀን 1913 ዓ.ም.» ይላል፤ ዲሴምበር 4 ቀን 1920። አንድም ሳላስቀር። እንዲያውም እየኮራሁ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ኅዳር ላይ ስምንት ጨምሮ ይሳሳት ነበር እያልኩ።

ሁለት መቶ ቅጂ ሐሙስ ጠዋት ከማተሚያ ቤት መጣ። ንባቡ ቅዳሜ ነው። ሣጥኑን ቀድጄ አንዱን አወጣሁ፤ ሽፋኑ አረንጓዴ ነው፣ «አንድ ዓመት በአየርላንድ» ይላል። መካከሉን ገለጥኩ። «ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1921 ረፋዱ ላይ የደብሊን ትራም ነጂዎች ትራሞቻቸውን መሀል መንገድ ላይ ጥለው ወረዱ» ይላል። ማክሰኞ የሚለው ዓይኔን ወጋኝ። ፎርም ላይ ማክሰኞ የሚባል ነገር የለም፤ ስተይብ ዘልዬዋለሁ። ዝም ብዬ ለልማድ ኮምፒውተሩን ጠየቅሁት። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1921 ሐሙስ ነው አለኝ።

ከዚያ ኦገስት 26 ቀን 1913ን ጠየቅሁት። ማክሰኞ።

እንዴት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ጋሼ ሸዋንግዛው የጻፉት አስቀድሞም በፈረንጅ ነው። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ኦገስትን ነሐሴ፣ ኖቬምበርን ኅዳር ብለው በእኛ ስም ጠሩት እንጂ ቁጥሩ የፈረንጅ ነበር። «በፈረንጅ አድርጊልኝ» ሲሉኝ ስሙን ለውጪልኝ ማለታቸው ነው። ነሐሴን ኦገስት በይልኝ ማለታቸው ነው። እኔ በፈረንጅ ላይ ፈረንጅ ጨመርኩበት። ያልተጻፈ ነገር ከልቤ ፈጥሬ ብጨምር ይሻል ነበር።

መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አየሁት። በነሐሴ የተነሣው አድማ 1921 ላይ ሄዷል። ከዚያ አድማ የተወለደው የሠራተኛው ጦር ደግሞ በኅዳር ስለሆነ ሰባት ብቻ ጨምሬበት 1920 ላይ ተቀምጧል፤ ልጅ ከእናቱ በፊት ተወልዷል። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1922 ይጀምራል። አንድ ዓመት ብለው አርባ ዓመት የለፉበት ነገር ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ጭንቅላቱ እግሩ ጋ፣ እግሩ ጭንቅላቱ ጋ ሆኗል። ገልጦ ያየ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን የጻፈው ሰው አእምሮው የለም።

ልነግራቸው ወጣሁ። በእውነት ልነግራቸው ነው የወጣሁት፣ ባልድዊን ሂልስ እስክደርስ ድረስ አፌ ውስጥ ቃሉን ስፈጭ ነበር። አልጋቸው መስኮቱ አጠገብ ነው። መጽሐፉን እጃቸው ላይ አኖርኩት። ሽፋኑን ዳሰሱት፣ ጀርባውን ዳሰሱት፣ አሸተቱት። ሁለቱም ልጆች እንደሚመጡ ነገሩኝ። ዳጊ ከእሷ ጎን እንደማይቀመጥ፣ ሄራን ንባቡ እንዳለቀ እንደምትወጣ ተናግረዋል፤ ግን ይመጣሉ። ይህን ሲሉኝ ፊታቸው እንደ ሕፃን ነበር። ከዚያ ትንሽ እንዳነብላቸው ለመኑኝ።

ገልጬ አነበብኩ። ትክክለኛውን ቀን ከአፌ አወጣሁ፤ ወረቀቱ 1921 ይላል፣ እኔ 1913 እላለሁ። በዚያ ቀን ነው የጻፉትን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት። ቀጣሪዎቹ ከማኅበር ያልወጣ አይገባም ብለው ሃያ ሺህ ሰው ደጅ ሲዘጉበት። የድሆቹ ሁለት ሕንፃ በራት ሰዓት ተንዶ ሰባት ሰው ሲጨርስ። በየካቲት አየርላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግሊዝን በእግር ኳስ ስትረታ፣ አንድ ተጫዋቿ ተጎድቶ ወጥቶ፣ በአሥር ሰው። ከዚያ የገናውን ጨዋታ አነበብኩ፤ በዱላ የሚጫወቱትን የአገሩን ጨዋታ ጋሼ ሸዋንግዛው ገና ብለውታል፣ ሌላ ስም አልፈለጉለትም። እንዲህ ይላል፦

«በዚያ እሑድ የኪልኬኒና የቲፐራሪ ሰዎች ለዋንጫው ገና ሊመቱ ደብሊን ገቡ። ከተማው ሁለት ወር ሙሉ ተርቧል፤ ሰዉ ግን ሜዳውን ሞላው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እንላለን እኛ። እዚያም አልተቆጡም። ዱላው ሲሰበር ሳቁ፣ ግንባር ሲደማ ሳቁ። ወር ሳይሞላ ከነዚያ ተመልካቾች እኩሌታው አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰልፎ ለጦር ስሙን አስመዘገበ። ያንም በሳቅ ነው ያደረገው። ስም ማስመዝገብ ሰው አይገድልም፤ ማንንም የገደለ አልመሰለውም።»

እያለቀስኩ ማንበብ አቃተኝ። ጋሼ ሸዋንግዛው በጽሑፋቸው የተነካሁ መስሏቸው እጄን ፈልገው ያዙኝ፤ «ገባሽ አይደል?» አሉኝ። ገባኝ ጋሼ አልኩ። ሳልነግራቸው ወጣሁ። ፈሪ ነኝ። ሌላ ስም አልሰጠውም።

ዓርብን በጥቁር እስክሪብቶ ስፍቅ ዋልኩ። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ መቶ አርባ ቀን አለ። እስኪመሽ አሥራ ዘጠኝ መጽሐፍ አስተካከልኩ፣ ጣቴ አበጠ። ሐሳቤ እነዚህን አሥራ ዘጠኝ ለፊት ተቀማጮች መስጠት፣ የቀረውን ቆልፌ መተውና «ከንባቡ በኋላ ይታደላል» ማለት ነበር። ከዚያ በኋላስ? ከዚያ በኋላ የለም። ጋሼ ሸዋንግዛው ቅዳሜን እንዲያልፉ ብቻ ነበር የምለምነው።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ዳጊ ሳልጠራው ቢሮዬ ድረስ መጣ፤ አባቱ «እትዬ ወይንሸትን ሣጥን አታሸክሟት» ብለው ልከውታል። ሣጥኖቹ ይቆዩ ብል፣ ከባድ ነው ብል፣ ቦታ የለም ብል አልሰማኝም። «ምን ችግር አለው፣ መኪናው ፓርክ አድርጎ ነው ያለው» ብሎ ሁሉንም አወረዳቸው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጨዋነቱ ገደለኝ። አዳራሹ ደርሰን ሳየው አንዱን መጽሐፍ በብብቱ ይዟል። ያልተፋቀውን።

አዳራሹ ከፌርፋክስ ጀርባ ያለች ትንሽ ናት። አርባ ሰው ያህል መጥቷል። በመሀል መተላለፊያ አለ፤ ሰው ሲገባ ማንም ሳይነግረው የዳጊ ወገን በግራ፣ የሄራን ወገን በቀኝ ተቀመጠ። ጋሼ ሸዋንግዛውን በተሽከርካሪ ወንበር መተላለፊያው ራስ ላይ አደረግናቸው። ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ አንገቱ ሰፍቷቸዋል። ጆሯቸውን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ያዞራሉ፤ የሁለቱን ልጆቻቸውን ሳል እየፈለጉ ነው። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ።

ጥር። ሰሜኑ ጦሩን መዘገበ። 1913 እላለሁ። የካቲት። ኳሱ። 1913። ሰዉ ሳቀ፤ በሁለቱም በኩል ሳቀ። አንድ ሰው ከግራ እንግሊዝ የእጇን አገኘች አለ፣ ከቀኝ ያሉትም አብረው ሳቁ። ጋሼ ሸዋንግዛው ጆሯቸውን ወደ ሳቁ አዘነበሉ። ነሐሴ ላይ ደረስኩ፣ ትራሞቹ ቆሙ፣ ፖሊስ ሰዉን በዱላ ደበደበ። የሰዉ ዓይን ላይ አየሁት፤ ስለ ራሱ እየሰማ እንደሆነ ገብቶታል። እግዚአብሔር ይመስክር፣ እየሠራ ነበር። ሄራን ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አጣብቃ መሬት መሬት ታያለች።

ዳጊ ግን መጽሐፉን ገልጦ እየተከተለኝ ነበር። አማርኛ ሲያነብ በጣቱ ነው፣ ፊደሉን አይደርስበትም። ቁጥር ግን ማንም ያነባል።

«ሶሪ እትዬ ወይንሸት» አለ። ተነሣ። «አንቺ 1913 እያልሽ ነው። እዚህ 1921 ይላል።»

የማተሚያ ቤት ስህተት ይሆናል ብዬ ልቀጥል ስል ሌላ ገጽ ገለጠ። ከዚያ ሌላ። ስልኩን አወጣ። ሰው መንሾካሾክ ጀመረ፣ አንዳንዱ ከሣጥኑ መጽሐፍ እያነሣ ይገልጣል። ዳጊ ድምፁ ተለወጠ፤ መቆጣት አልነበረም፣ ፍርሃት ነበር። «አባዬ፣ ወርልድ ዋር ዋን በ1922 ጀመረ ይላል እኮ። ይሄ ጦር ደግሞ ስትራይኩ ሳይጀመር ነው የተመሠረተው። ኤቭሪ ፔጅ እንደዚህ ነው።»

ሄራን ከቀኝ በኩል ተነሣች። መተላለፊያውን ተሻግራ መጽሐፉን ከወንድሟ እጅ ወሰደች። አላየችውም፣ እጁን ብቻ ነው ያየችው። ቆማ ገለጠች፣ ገለጠች። ነርስ ናት፤ ፊቷ በሽተኛ ወደሚመረምር ፊት ሲለወጥ አየሁት።

«ባለፈው ሳምንት መድኃኒቱን ሁለቴ ሊወስድ ነበር» አለች። ለማን እንደምትናገር ያላወቀች መሰለች። «ለማንም አልተናገርኩም።»

ዳጊ «እኔን ጳውሎስ ብሎ ጠርቶኛል» አለ። «ሁለት ጊዜ። እኔም አልተናገርኩም።»

አራት ዓመት። አርባ ሰው ፊት፣ የአባታቸውን አእምሮ መጥፋት ምልክት እያዋጡ፣ መነጋገር ጀመሩ። እሷ መቼ እንደሆነ ጠየቀችው፣ እሱ ረቡዕ ነው አላት። እሷ እንቅልፉስ አለች፣ እሱ ነገራት። ሰኞ የሚያየውንና ማክሰኞ የምታየውን ሲያጋጥሙት አንድ በሽታ ወጣው። በሽታው ግን አልነበረም። ጳውሎስ ብለው የጠሩት ዳጊ ቁርጥ አጎቱን ስለሚመስል ነው፤ መድኃኒቱን ሁለቴ ሊወስዱ የነበረው ዕውር ስለሆኑ ነው። የቀረው እኔ ነኝ። እኔ ነኝ በሽታው።

ከዚህ በላይ መቆም አልቻልኩም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፣ የእጅስ በምን ይታሻል? «ስሙኝ» አልኩ፤ «ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፣ ቀኖቹን…»

ጋሼ ሸዋንግዛው እጄን ያዙ። ከዚያ ሰውነት ያንን ኃይል ከየት እንዳመጡት አላውቅም፣ አጥንቴ ተሰማኝ። ጎተቱኝና አፋቸውን ጆሮዬ ላይ አደረጉ።

«ስምንት ጨመርሽበት፣ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ። አሁን እነግራቸዋለሁ።»

«ዝም በይ። አትሰሚም? እየተነጋገሩ ነው።»

ከዚያ ቀና ብለው፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ ልጆቻቸው ልክ እንደሆኑ ተናገሩ። ዓመቱ እንደተምታታባቸው፣ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ብዙ ነገር እንደሚምታታባቸው፣ ወይዘሮ ወይንሸት ልትሸፍንላቸው ብላ በቃሏ እንዳስተካከለችው፣ ታዳሚውን ይቅርታ እንደሚጠይቁ። ቁርጥርጥ አድርገው፣ ቀስ ብለው፣ እንደሚጃጅ ሰው። እኔ ዝም አልኩ። በሕይወቴ ከባዱ ነገር ያ ዝምታ ነው፤ አሁንም እየጮኸብኝ ነው።

ሰዉ ከሁለቱም ወገን እየመጣ ትከሻቸውን ዳበሰና ወጣ። ምስኪን ይላሉ። የተማረ ሰው ነበሩ ይላሉ፣ በነበር። መጽሐፉን እያንዳንዱ ሰው በጥንቃቄ ወደ ሣጥኑ መልሶ አስቀመጠው፤ የሞተ ሰው ዕቃ እንደሚቀመጥ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አርባ ዓመት ሊነግሩን የፈለጉት ነገር አለ። ትክክል ነው፣ ከቀኑ በቀር አንዲት ቃል አልተሳሳተም። አንድም ሰው ይዞ አልሄደም።

ውጭ ፀሐዩ ገና ሞቅ ብሎ ነበር። ሄራንና ዳጊ አባታቸውን ከሁለት በኩል ደግፈው የሄራን መኪና ውስጥ አስገቧቸው። ሰኞ ጠዋት አብረው ስፔሻሊስት ጋ እንደሚወስዷቸው እዚያው ተስማሙ፤ እሷ አፖይንትመንቱን ትይዛለች፣ እሱ ከሥራ ይቀራል። እስከ ሰኞ ከቆዩ ማለት ነው። እኔ ባዶ ወንበሩን ይዤ ጥግ ላይ ቆሜአለሁ። ሄራን ቀበቷቸውን ልታስር ጎንበስ እንዳለች እጇን ገታች፤ ነርሶች እንደሚያደርጉት በለሆሳስ፣ ፊታቸውን በመዳፏ ይዛ ጠየቀቻቸው።

«አባዬ፣ አሁን ስንት ዓመት ነው?»

ጋሼ ሸዋንግዛው ጥቂት አሰቡ። የሚያስቡት ምን እንደሆነ ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እንደኔ አእምሮ ያላቸው ሰው ነበሩ፤ ከኔም የበለጠ።

«1913» አሏት።

በማን አቆጣጠር ብሎ የጠየቃቸው የለም። ሄራን ቀና ብላ በመኪናው ጣሪያ ላይ ወንድሟን አየችው፣ እሱም አያት። ዓይኗ ሞልቷል። ዳጊ በወዲያ በኩል ያለውን በር ከፈተ።

«አንቺ ድራይቭ አድርጊ፣ እኔ ከኋላ ከሱ ጋር እቀመጣለሁ» አላት።